ቅቤው አልነበረም

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፣ ለመጋቢያችን አልነገርኩትም፣ በጸሎቴ እንኳ በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ «ጌታ ሆይ፣ አንተ የምታውቀው ያ ነገር» እያልኩ አልፈዋለሁ። በጸሎት ቤታችን ሦስት ጊዜ ቆሜ መስክሬአለሁ። አንዴ ጫት ስለ መተዌ፣ አንዴ ከወንድሜ ጋር ስለ መታረቄ፣ አንዴ ደግሞ ከመኪና አደጋ ስለ መትረፌ። ሦስቱንም ጊዜ ጉባኤው «ሃሌ ሉያ» ብሎልኝ ደረቴን ነፍቼ ተቀምጫለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ይህን በሆዴ ይዤ ነው የተቀመጥኩት።

እኛ ዘንድ ነፍስ አባት የሚባል የለም። ስለዚህ አንተ አንባቢ ሁንልኝ። የምናዘዘው ስለ አንድ አሮጌ የብስክሌት ኮርቻ ነው። መሳቅ ካማረህ አሁኑኑ ሳቅና ጨርስ። እኔም ብዙ ዓመት «ኮርቻ እኮ ነው፤ ሰው አልገደልክ» እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖሬአለሁ።

ማቴዎስ እባላለሁ። ጭሮ ውስጥ፣ ሽማግሌዎቹ ዛሬም አሰበ ተፈሪ በሚሏት ከተማ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ብስክሌት እጠግናለሁ። እጠግናለሁ ማለት እንኳ ያንስብኛል። ከሚኤሶ እስከ ሂርና፣ ከበደሳ እስከ ገለምሶ፣ የተጣመመ ጎማ በጆሮው አዳምጦ የሚያቃና ከእኔ ሌላ ማን ነበር? ሽቦዎቹን በጣቴ መታ መታ አድርጌ የላላውን ከከረረው በድምፁ እለየዋለሁ። ሌላው ባለሙያ «ይህ አበቃለት፣ ጣለው» ያለው ብስክሌት እኔ ዘንድ መጥቶ እየከነፈ ሄዷል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። አይ፣ ለጉራ ነው። ልናዘዝ ከተቀመጥኩ አይቀር በዚህ እንኳ አልዋሽ።

ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። በዚያን ጊዜ የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ብስክሌተኞች ከጭሮ ተነስተን ሂርና የምንገባበት ውድድር ይደረግ ነበር። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጭሮ እንደወጣህ ዳገት ነው፣ ዳገቱ ሲያልቅ ሌላ ዳገት ይቀበልሃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሂርና የሚወርደው። በመጀመሪያው ዓመት ረመዳን የሚባል የሂርና ልጅ አሸነፈኝ። ረመዳን ቀጭን ነው፤ እኔ ደግሞ ሳልወፍር እከብዳለሁ። ዳገቱን ሁሉ ጀርባውን እያየሁ ወጣሁት። ሂርና ስደርስ አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ፤ ለእኔ ሻይ አስቀድቶ። «ጠጣ ማቲ፣ ደክሞሃል» አለኝ። በደግነት ነው ያለው። እኔን ግን ከመሸነፌ ይልቅ ያ ሻይ አቃጠለኝ፤ እስከ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ምላሴን ይለበልበኛል።

በሚቀጥለው ዓመት ከብስክሌቴ ላይ ክብደት ለመቀነስ ቆርጬ ተነሳሁ። የጭቃ መከላከያውን ጣልኩ። የዕቃ መጫኛውን፣ ደወሉን፣ ማቆሚያውን ጣልኩ። የፍሬኑ ሽቦ የተረፈውን ጫፍ ሳይቀር ቆረጥኩ። የቀረኝ ኮርቻው ብቻ ነበር። የእኔ ኮርቻ ከሥሩ ድፍን ብረት፣ ከላዩ ስፖንጅና ፕላስቲክ ነው፤ እንዲህ ያለውን ከመጣል በቀር ምን ታደርገዋለህ? ሁነኛ የቆዳ ኮርቻ ቢኖረኝ ግን ምን እንደማደርገው አውቅ ነበር። ጭሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ኮርቻ የነበራቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ጋሽ ለማ።

ጋሽ ለማ በግብርና መሥሪያ ቤት የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበሩ። መድኃኒታቸውን በሣጥን አድርገው ከብስክሌታቸው ኋላ አስረው ከሃያ ዓመት በላይ በገጠሩ ዞረዋል። ከብት መክተብ ብቻ አይደለም፤ ገበሬውን የታረደ ከብት ቆዳ እንዴት እንደሚገፈፍ፣ ቢላው ቆዳውን እንዳይጭረው እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት ተወጥሮ እንደሚደርቅ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ገበሬው አልተዋቸውም። የአንዱ ላም ምጥ ሲጠናባት፣ የሌላው በሬ ሆዱ ሲነፋ፣ «ሀኪመ ሎኒ የት አሉ?» እያለ በራቸው ድረስ ይመጣል፤ የከብት ሐኪም ማለቱ ነው። እሳቸውም ሣጥናቸውን አስረው ይወጣሉ። በዚያ ዕድሜያቸው ቀና ብለው የሚሄዱት በዚህ ነበር። «ብስክሌቴ ላይ ስሆን ጡረታ የወጣሁ አይመስለኝም» ይሉ ነበር።

ችግሩ ዳሌያቸው ነው። ከዓመታት በፊት በሥራ ላይ ወድቀው ግራ ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ሲድን ጠምሞ ነበር የዳነው። በእግራቸው ከገበያው ማዶ አይሻገሩም። ብስክሌት ላይ የሚቀመጡትም በዚያ ኮርቻ ላይ ብቻ ነው። ቆዳው በሃያ ዓመት ከገላቸው ጋር ተስማምቶ ግራ ጎኑ ከቀኙ ዝቅ ብሎላቸዋል። ሌላ ሰው ቢቀመጥበት ወደ ጎን የሚያንሸራትተው ይመስለዋል፤ ለእሳቸው ግን ልካቸው ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ኮርቻውን ፈትተው፣ ጨው ያልነካው የታጠበ ቅቤ በአውራ ጣታቸው እያሹ ይቀቡትና በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ያሞቁታል። ሰፈሩ ይስቅባቸዋል። ባለቤታቸውን እትዬ ወርቄን «ጣውንትሽ ዛሬም ተቀባች?» እያሉ ያበሽቋቸዋል። እትዬ ወርቄም «እሷ አትናገርም፣ አትጨቃጨቅም፤ ትቀባ» ይላሉ። ጋሽ ለማ በዚያ ኮርቻ አያያዝ ይኮሩ ነበር። እኔ በእጄ የምኮራውን ያህል እሳቸው በአያያዛቸው ይኮሩ ነበር። ይህን ልብ በልልኝ፤ የሰረቅኳቸው ኮርቻውን ብቻ አይደለም።

ውድድሩ ሊደረግ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጋሽ ለማ ኮርቻውን በጨርቅ ጠቅልለው ሱቄ መጡ። ቆዳውን ከብረቱ ጋር ከሚይዙት ሪቬቶች አንዱ ላልቶ ነበር። ዳሌያቸውን ሊታዩ ድሬዳዋ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው፤ ሦስት ሳምንት ይቆያሉ።

«ይቺን ሪቬት ምታልኝ» አሉ። «ቸኩል አልልህም፣ ስመለስ እወስደዋለሁ። ብቻ ሌላ እጅ እንዳይነካው። አንተን ስለማምን ነው።»

«ይሂዱ ጋሼ፣ አያስቡ» አልኳቸው።

ሥራው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሪቬቱን መታሁ፣ አለቀ። ኮርቻው እንደገና በጨርቁ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ ነበረበት። ታዲያ ምን አነሳሳኝ? ልሞክረው ብዬ በራሴ ብስክሌት ላይ አሰርኩት። ልሞክረው ብቻ። ከዚያ ለውድድሩ ቀን ልዋሰው አልኩ፤ ሰው የሰው ዕቃ አይዋስም? ከዚያ ከኋላ ያሉትን ሁለቱን ሞላዎች ፈታሁ፤ የተፈታ ሞላ ይታሰራል። ከዚያ ሞላዎቹ የተቀመጡበትን ብረት በመጋዝ ቆረጥኩ፤ የተቆረጠ ብረት ይበየዳል። እንዲህ እያልኩ ነው የሄድኩት። በእያንዳንዱ እርምጃ መመለሻውን እያየሁ ነው የሄድኩት።

ቆዳ ግን አይመለስም። ይህን አውቅ ነበር። አላወቅሁም ብል ሙያዬን መካድ ነው።

እሑድ ጠዋት ነበር። የጸሎት ቤታችን መዝሙር እስከ ሱቄ ድረስ ይሰማል። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ቆዳውን ከሪቬቶቹ ነቅዬ፣ ገልብጬ ጣውላ ላይ ዘረጋሁት። ከጎረቤቴ ከጫማ ሰፊው የተዋስኩትን ቢላ ፀጉር እስኪላጭ ድረስ ሳልኩት። ቆዳውን በትንሹ አረጠብኩት። ከዚያ ከውስጥ በኩል እየላጥኩ ማሳሳት ጀመርኩ።

ይህን ሥራ ልግለጽልህ፤ ፍቀድልኝ። ቆዳ ሲፋቅ ቢላው ከጠለቀ ይበሳል፣ ከተንሳፈፈ ይዘላል። ትንፋሽህን ይዘህ፣ ክንድህን ሳይሆን ትከሻህን እያንቀሳቀስክ ነው የምትሄደው። ከቢላዬ ላይ የሚነሳው ልጥ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ሳስቶ፣ ሳይበጠስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወጣ ነበር። ግማሹን ውፍረት አነሳሁለት። አንድም ቦታ አልበሳሁትም። በጎንና ጎኑ አርባ ቀዳዳ በመስመር በስቼ፣ የእያንዳንዱን ጠርዝ በጋለ ሚስማር ተኩሼ አለሰለስኩት። መልሼ ብረቱ ላይ ወጠርኩት። ወደ በሩ ብርሃን ሳዞረው ፀሐይ በአርባዎቹ ቀዳዳዎች ገብታ ግድግዳዬ ላይ አረፈች። በሕይወቴ ሙሉ ከዚያ የሚበልጥ ሥራ አልሠራሁም። ያን ጊዜም አውቄው ነበር፤ ዛሬም አልክደውም።

ሌላም ያወቅሁት ነገር አለ። የቆዳው ውስጥ ጤነኛ ነበር። ቅቤው እስከ መሐሉ ሰርጎ አለስልሶት፣ አንድ የበሰበሰ ቦታ፣ አንድ የደረቀ ጭረት አልነበረበትም። ሌላ ሃያ ዓመት ያገለግል ነበር። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የቆረጥኩት እኔ ነኝና።

በማግስቱ ኮርቻውን ይዤ ሐጂ ዩሱፍ ሱቅ ሄድኩ፤ የስኳር ሚዛን አላቸው። ሲመጣ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ የሚመዝን ኮርቻ ነው። ሐጂ በአንዱ ሳህን የግማሽ ኪሎውን ብረት፣ በሌላው ኮርቻውን አስቀመጡ። ኮርቻው ወደ ላይ ተነሳ።

«ማሻአላህ» አሉ ሐጂ። «አቦ፣ ይሄ ኮርቻ ነው ቂጣ? የማን ነው?»

«የእኔ» አልኩ።

የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነው። ማንም አላስገደደኝም።

ውድድሩን አሸነፍኩ። ከጭሮ ስንወጣ ረመዳን እንደ ልማዱ ከፊት ነበር። በዳገቱ ወገብ ላይ ደረስኩበት። ጎን ለጎን ትንሽ ሄድን፤ ዞር ብሎ አየኝ፣ ዐይኑ ወደ ኮርቻዬ ወረደ፣ ከዚያ ወደ ፊቴ። እኔ ግን ዐይኔን ወደ መንገዱ መልሼ አለፍኩት። መንገድ ላይ ባለችው ከተማ፣ አርበረከቴ ላይ፣ ሰው መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልቶት ነበር። በአማርኛም በኦሮምኛም «በርታ»፣ «ጀባዱ» ይሉኛል፤ ስሜን የሚያውቁትም የማያውቁትም ይጮኻሉ። በዚያች ሰዓት ኮርቻው የማን እንደሆነ ትዝ ብሎኛል? አላለኝም። ቢለኝም ኖሮ አልቆምም ነበር።

ወደ ሂርና በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ጎማዬ ጉድጓድ ውስጥ ገባና ወጣ። ከሥሬ አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ሸማ ሲተረተር እንደሚሰማው ያለ። ያሳሳሁት ቆዳ ከኋላ ሪቬቶቹ ሥር ተቀደደ። የቀረውን መንገድ ፔዳሉ ላይ ቆሜ ጨረስኩ። ሕዝቡ ከጉልበቴ ብዛት የቆምኩ መስሎት ይበልጥ አጨበጨበልኝ። ዋንጫ ሰጡኝ። ያን ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጬ፣ ለረመዳን ሻይ አስቀድቼ ጠበቅሁት። እሱ ግን ሻዩን አመስግኖ ጠጣ፤ ምንም አልለበለበውም።

ጋሽ ለማ እስኪመለሱ ሳምንት ቀረኝ። አዲስ ቆዳ ፈልጌ ማድረግ እችል ነበር ትለኝ ይሆናል። ቆዳው ይገኛል፤ ሃያ ዓመት የሠራው የዳሌ ቅርጽ ግን ከየት ይገኛል? መንገር ነበረብኝ፣ ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ባለ ዋንጫው ማቴዎስ ደግሞ «ሰርቄ ነው ያሸነፍኩት» ብሎ እንዴት ይናገር? ውሸቱ ድንገት አፌ ላይ መጣ ብዬ ብናዘዝ ይቀለኝ ነበር። አልመጣም። ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ አዘጋጀሁት። ብረቱን በየድኩት፣ ሞላዎቹን መለስኩ። በአርባዎቹ ቀዳዳዎች ጠፍር አስገብቼ ቆዳውን ከሥር ጎንና ጎኑን ሰፋሁት፤ ላየው ሰው ኮርቻውን ለማዳን የተደከመ ነው የሚመስለው። ስፌቱም ጥሩ ነበር።

ሲመጡ ሱቄ ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ስለ ውድድሩ እያወራን ነበር። ጋሽ ለማ ከድሬዳዋ በፌስታል ብርቱካን ይዘውልኛል።

«ሰማሁ፣ ሰማሁ። ሂርና ላይ መኪናው ሲቆም ሰው ሁሉ ያንተን ነው የሚያወራው። ጭሮን አኮራሃት» አሉኝ። ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ «ኮርቻዬስ?» አሉ።

ዐይኔን በጨው አጥቤ ኮርቻውን አቀበልኳቸው።

«ጋሼ፣ አዝናለሁ። ሪቬቱን ስመታው ቆዳው እንደ ወረቀት ተቀደደ። ቅቤው ነው። ቅቤ ውሎ ሲያድር ቆዳ ያበሰብሳል። በጠፍር ልይዘው ሞከርኩ፤ አልሆነም።»

ተቀምጠው የነበሩት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለሙያው እኔ ነኝ። ጋሽ ለማ ኮርቻውን ገለበጡት። አውራ ጣታቸውን ከውስጥ በኩል አስገብተው ቀስ ብለው ከአፍንጫው እስከ ኋላው ዳሰሱት፤ እንደገና መለሱት። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው።

«ቅቤው ነው አልከኝ?»

«ቅቤው ነው ጋሼ።»

«እንግዲህ አንተ ካልክ» አሉ። ጠቅልለው ብብታቸው ሥር አደረጉት። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው «ሌላ የምትነግረኝ የለም?» አሉኝ።

«የለም» አልኩ።

ከሱቄ ምርጡን አዲስ ኮርቻ ገጠምኩላቸው። ያለ ክፍያ፤ በዚህም ደግ ሰው ተባልኩ። ሱቄ ፊት ለፊት ሦስት ጊዜ ወጡበት፣ ሦስት ጊዜ ፊታቸው በሕመም ተጨማዶ ወረዱ። «ለእኔ የሚሆን አይደለም» ብለው ብስክሌቱን እየገፉ፣ እያነከሱ ሄዱ። ከዚያ ቀን በኋላ ጋሽ ለማን ብስክሌት ላይ ያያቸው የለም። ገበሬዎቹ ለጥቂት ጊዜ በቅሎ እየሳቡ እየመጡ ወሰዷቸው፤ በቅሎው ደግሞ ዳሌያቸውን የባሰ ጎዳው፤ ተዉ። ከዚያ በር በሩን ማየት ሆነ ሥራቸው። የከብት መድኃኒት ሣጥናቸውን በረንዳው ላይ አድርገው እግራቸውን ይጭኑበት ነበር። ወደ ገበያ ስወርድ በዚያ ላለማለፍ መንገድ እቀይር ነበር። የሚያነክስ ሽማግሌ አይቼ አልነበረም የምሸሸው፤ ያቺን ሣጥን አይቼ ነው።

በዚያው ሰሞን እሑድ የምስክርነት ሰዓት ላይ የእኛው ጸሎት ቤት ምእመን የሆኑት ጋሽ ለማ በምርኩዛቸው ተነሱ። «ወንድም ማቴዎስ ውድድር አሸንፏል፣ ጌታ ይመስገን» አሉ። ቀጠሉ፤ «እኔ ደግሞ ኮርቻዬ ተበላሽቶብኛል። ቅቤው ነው ተባልኩ፣ ተቀበልኩ። ሰው ያጠፋውን ሲናገር እንዴት እንደሚያርፍ እናንተ ታውቃላችሁ። ጌታ ሁላችንንም ያሳርፈን።» ወደ እኔ አይተው ተቀመጡ። ጉባኤው «አሜን» አለ። እኔም አሜን አልኩ፤ ከሁሉም ከፍ ባለ ድምፅ።

ከዚያ በኋላ ባየሁዋቸው ቁጥር፣ በቀብር ላይም በሠርግ ላይም፣ ሰላም ካሉኝ በኋላ ትንሽ ቆም ይሉና «ሌላ የምትነግረኝ የለም?» ይሉኛል። የሽማግሌ ወግ መስሎኝ ነበር። «ደህና ነኝ ጋሼ» እላለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ጠየቁኝ። ከዚያ አረፉ። አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ሰው «እንዴት ያለ ወዳጅ ነው» ብሎ አመሰገነኝ።

ከቀብራቸው በኋላ እትዬ ወርቄ አስጠሩኝ። ያንን ጨርቅ አወጡ። ስፈታው ኮርቻው ነው፤ እጄ ላይ ለስላሳ፣ ትኩስ ቅቤ የሚሸት። ግራ ገባኝ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ መቀባቱን አልተወም» አሉ እትዬ ወርቄ። «ሲሞት ለማቴዎስ ስጪልኝ አለኝ። ማቴዎስ ልጄ፣ እጅህን እንዴት ያደንቅ ነበር መሰለህ። ውስጡን በጣቱ እየዳሰሰ 'ወርቄ፣ እስቲ ንኪው፤ ይህን ሁሉ ሲፍቅ ቢላው አንዴ እንኳ አልሳተም። ስንት ገበሬ ቆዳ አያያዝ ሳስተምር ኖርኩ፣ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም' ይለኛል።»

«መቼ ነው ይህን ያሉት?»

«ከድሬዳዋ የተመለሰ ዕለት ነዋ። የቢላ መንገድ ከእሱ ይሰወራል? 'ልጁ ራሱ ይነግረኛል፤ እስኪነግረኝ አንቺ ዝም በይ' አለኝ፣ ዝም አልኩ። በኋላ ነገርከው አይደል?»

«አዎ፣ ነገርኳቸው» አልኩ።

ለእሳቸውም ዋሸሁ። ባላቸውን በቀበሩ በሳምንቱ።

ዋናው ኑዛዜዬ ግን ይህም አይደለም። ኮርቻውን መፋቄም፣ መዋሸቴም አይደለም። እትዬ ወርቄ ያን ሲነግሩኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ምን ይመስልሃል? ኀፍረት ነው? ሐዘን ነው? ደስታ ነው የተሰማኝ። ጋሽ ለማ አይተውልኛል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያ ሥራ ከውስጥ በኩል ስለሆነ ማንም አያየውም እያልኩ ሲቆጨኝ ኖሬ ነበር፤ ለካ ዋጋውን ሊያውቅ የሚችለው ብቸኛ ሰው በየቅዳሜው በጣቱ እየዳሰሰ ያደንቀው ኖሯል። እሳቸው እንድነግራቸው ይጠብቁ ነበር። እኔ ደግሞ አድናቂ እየጠበቅሁ ነበር። ኀፍረቱ መጣ፤ ኋላ ነው የመጣው፣ ቤቴ ከገባሁ በኋላ። አንድ ሰው የበደለውን ሰው አፈር አልብሶ ሲመለስ ስለ ሙያው ሲመሰገን ደስ የሚለው ከሆነ፣ ያንን ሰው ምን ትለዋለህ? እኔ ስም አላገኘሁለትም።

ከዚያ በኋላም ዓመታት ዝም አልኩ። ባለፈው ሳምንት አንድ የገለምሶ ሰው የአባቱን የቆዳ ኮርቻ ይዞ መጣ። ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ እጄ ላይ ፈረሰ። «ምነው ምንም ሳትቀባው?» አልኩት።

«ቅቤ እንዳታስነካው ይሉናል እኮ» አለኝ። «ቅቤ ቆዳ ያበሰብሳል። ድሮ እዚሁ ጭሮ የአንድ የከብት ሐኪም ኮርቻ በቅቤ በስብሶ ቀረ አሉ። አልሰማህም?»

ውሸቴ ገለምሶ ደርሶ፣ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፎ፣ ዕውቀት ሆኖ ወደ እኔ ተመለሰ። ጋሽ ለማም በዚያ ታሪክ ውስጥ አያያዝ የማያውቁ ሰው ሆነው ቀርተዋል። እሳቸው፣ አንድ አውራጃ ቆዳ አያያዝ ያስተማሩት።

የፊታችን እሑድ በምስክርነት ሰዓት እቆማለሁ። ከዚያ በፊት እትዬ ወርቄ ዘንድ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፤ ይቅር ቢሉኝም ባይሉኝም። የምፈራው ግን አለ። ስናገር አሳምሬ እንዳልናገር እፈራለሁ። ይኸው እዚህም ስለ ቢላው ስጽፍ እጄ ፈጠነ፤ አይተኸኛል። ስለዚህ በአራት አጭር ዐረፍተ ነገር አዘጋጅቼዋለሁ፣ ከዚህ በላይ አልጨምርም፤

ቅቤ ቆዳ አያበሰብስም። ጋሽ ለማ ምንም አላጠፉም። ኮርቻቸውን የፋቅሁት እኔ ነኝ። በየጊዜው ሲጠይቁኝ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።